ለሽሮ ወይስ ለእሸት?

በወረራው ዘመን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካዛንቺስ ላይ የሠራቸው ቤቶች ግቢ ነበራቸው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አሮጌው ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ግቢ አብሮ ሄደ። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ አትክልት መትከል ያማረው ሰው ያለችው በረንዳ፣ ጣሪያ ወይም አጥር ሥር የቀረች ጥግ ናት። ለእንዲህ ያለ ቦታ አተርና ራዲሽ ይመቻሉ፤ አተር ሽቅብ ይወጣል፣ ራዲሽ በወር ገደማ ቦታውን ይለቃል። ቁም ነገሩ ዘር መረጣው ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ገበያ ወርደን ድፍን አተር ገዝተን መዝራት ይቀለናል (ክኩ እንደማይበቅል ማንም አያጣውም)። ይበቅላል፣ ያፈራልም። ግን ይህ ዘር ለክክና ለሽሮ የተመረጠ ነው። የገበሬው የቆየ ዘርም ሆነ እንደ ቡርቂቱና ቢላሎ ያሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች የሚመዘኑት በደረቅ ፍሬያቸው ነው። እሸታቸው በለጋነቱ ይጣፍጣል፤ ጥቂት ቀን ካለፈው ስኳሩ ወደ ስታርች ይለወጥና ዱቄት ዱቄት ይላል።

ደረቁን ፍሬ መዳፍ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ድቡልቡልና ለስላሳ ከሆነ ስታርች የበዛበት፣ ብርድና እርጥበት የሚችል ዓይነት ነው። የተጨማደደው ደግሞ ስታርች የሚሠራ አንድ ኢንዛይም ስለጎደለው ስኳሩ በርከት ብሎ ይቀራል፤ ውሃ ስለሚይዝም ሲደርቅ ይኮማተራል። መነኩሴው ግሪጎር ሜንዴል የውርስን ሕግ የደረሰበት ድቡልቡሉንና ጭምድዱን እየለየ በመቁጠር ጭምር ነበር። ለእሸት የሚሆነው ጭምድዱ ነው። ችግሩ የሐምሌ ጭቃ ያበሰብሰዋል፤ ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር ቢዘራ ይሻለዋል።

ከነቆባው የሚበላውን ስኳር ስናፕ የሚመርጥ ሰው ጭራሮ ወይም ገመድ ያዘጋጅ፤ ቁመቱ ከሰው አያንስም። ቦታ ለጠበበው ከጉልበት ብዙ የማያልፉ አጫጭር ዓይነቶች አሉ። ደኮኮስ? በደቡብ ትግራይና በወሎ በኩል የሚዘራው ይህ ትንሽ አተር ከኢትዮጵያና ከየመን ውጭ እምብዛም አይታወቅም፤ ወጡም ይወደዳል። በረንዳ ላይ ግን ለአንድ ድስት የሚበቃ አይገኝምና ለገበሬው እንተውለት።

ለጀማሪ ቼሪ ቤል የሚባለው ቀይ ድቡልቡል ራዲሽ ይበቃዋል። አንድ ስንዝር በማይሞላ አፈር ውስጥ ከ22 እስከ 30 ቀን ይደርሳል። ፍሬንች ብሬክፋስት ረዘም ያለ፣ ጫፉ ነጭ ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ጣዕሙ ይበልጣል። ረጅሙ ነጭ የእስያ ራዲሽ ጥልቅ አፈር ስለሚፈልግ በጆንያ ካልሆነ አይሞከርም። የትኛውም ቢሆን ቡቃያው ካልሳሳ ወይም ፍግ ከበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ይቦረቦራል።

ከውጭ የመጣ ፓኬት ጀርባ ላይ የሰፈረውን የመዝሪያ ወር አትመኑት። የተጻፈው በረዶ ቀልጦ ቀኑ በሰፊው እየረዘመ ለሚሄድበት አገር ነው። እዚያ ቀኑ ሲረዝም ራዲሽ ሥሩን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ስለማይሞላ ይህ ስጋት ያን ያህል አያሳስብም። ለእኛ ወሳኙ ዝናቡና ፀሐይ የምትመጣበት አቅጣጫ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ ጥላ ይውልበታል፤ ፎቅ ከፎቅ በተጠጋበት ካዛንቺስ ደግሞ የደቡቡንም ጎረቤት ሕንፃ ሊጋርደው ይችላል። ጥላ ሥር የራዲሽ ሥር አይወፍርም፣ አተርም አበባው ይሳሳል።

ለከርሞ ዘር ማስቀረት የፈለገ አተሩን ይያዝ። አበባው ሳይከፈት ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ተክሉ ላይ እንዲደርቁ የተተዉ ጥቂት ቆባዎች እናታቸውን የመሰለ ዘር ይሰጣሉ። ራዲሽን ግን ንብ ከጎረቤቱ ራዲሽ ጋር ታዳቅለዋለች፤ እሱን በየጊዜው መግዛት ነው። ፓኬቱ ላይ ኤፍ 1 (ዲቃላ) የሚል ካለ ደግሞ ከእሱ ዘር ማስቀረት አያዋጣም።