ሰኞ የሚጨንቅ ደረት

አቃቂ በአዲስ አበባ ከመዋጧ በፊት የፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ባቡሩ፣ ወንዙና ጨርቃ ጨርቁ ያሳደጓት። ጥጥ ፋብሪካ ገብቶ የሠራ ሰው ክፍሎቹን በአየራቸው ይለያቸዋል። ባሌ (የታሰረ የጥጥ ጥቅል) በሚፈታበትና ጥጥ በሚበጠርበት ክፍል ብናኙ ጭጋግ ይመስላል። ከዚሁ ብናኝ የሚመጣው ቢሲኖሲስ የተባለ የሳንባ ሕመም እንግዳ ጠባይ አለው፦ ከዕረፍት መልስ ሰኞ ደረት ይጨንቃል፤ ሳምንቱ ሲገፋ ይቀላል።

በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የሙያ ጤና መጽሔት ታተመ። 595 ሠራተኞች በዕጣ ተመረጡ፤ ፈረቃ ሲገቡም ሲወጡም ትንፋሻቸው ተለካ። የየክፍሉ አየር ሲመዘን በሜትር ኩብ ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊግራም ብናኝ ተገኘበት። ባሌ ከሚፈቱት 43.2 በመቶው፣ ከሚበጥሩት 37.5 በመቶው ቢሲኖሲስ ነበረባቸው፤ በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ። ብናኙ ሲጨምር ጉዳቱም እንደሚጨምር በሪግሬሽን፣ አንዱ ሲለወጥ ሌላው እንዴት እንደሚለወጥ በሚገምት ስሌት፣ ታየ።

በየትኛው ሪግሬሽን? አንባቢ አልፎት የሚሄደው ጥያቄ ይህ ነው። የትንፋሽ መጠን በሊትር ስለሚለካ ቀጥታ መስመር ይበቃው ይሆናል። «ታሟል ወይስ አልታመመም?» ግን መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ ቀጥታ መስመር ካሰመሩበት ብናኙ ሲበዛ የመታመም ዕድሉ ከመቶ በመቶ አልፎ ይሄዳል። ለዚህ ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል የሚጎብጠው ሎጂስቲክ ያስፈልጋል። ሁለቱን ከሌሎች ዘመዶቻቸው ጋር በአንድ ቀመር ያስተሳሰሩት የስታቲስቲክስ ሰዎቹ ኔልደርና ዌደርበርን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1972።

ከዚያ ሞዴሎችን ማወዳደሩ ይመጣል። ለቀጥታ መስመር ሁሉም የሚጠቅሰው አር ስኩዌርን ነው፣ መስመሩ ከልዩነቱ ምን ያህሉን እንደሚያስረዳ የሚናገረውን ቁጥር፤ እኔ ብዙ አላምነውም። ዕድሜ ቢጨመር፣ ሲጋራ ቢጨመር፣ የሠራተኛው የጫማ ቁጥር እንኳ ቢጨመር ከነበረበት አይወርድም። የስታቲስቲክስ ሰው የሆነው ፍራንክ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 የባሰ ነገር አሳየ። አራት የቁጥር ስብስቦችን አዘጋጀ፤ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ። አራቱም አንድ መስመር፣ አንድ አር ስኩዌር አላቸው፤ 0.67 ገደማ። ሲሳሉ ግን አንዱ ቅስት ነው፤ በሌላው መስመሩን ያዘነበለችው ብቻዋን የራቀች አንዲት ነጥብ ናት።

ለጫማው ቁጥር መላ የተገኘው ባቡር ውስጥ ነው። የጃፓኑ ሂሮቱጉ አካይኬ ቀደም ሲል በሐር ፈትል አመራረት ላይ የሠራ የስታቲስቲክስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1971 ጠዋት፣ ወደ ሥራ በሚወስደው ባቡር ሊቀመጥ ሲል፣ ሞዴልን ከቁጥሮች ጋር ማስማማትና የመረጃ ንድፈ ሐሳብ የሚገናኙበት መንገድ ድንገት ታየው። ውጤቱ አጭር ነው፦ ሞዴሉ የገመታቸውን መለኪያዎች ቁጥር በሁለት አባዛ፤ ከዚያ ላይ የላይክሊሁዱን (ሞዴሉ ለታዩት ቁጥሮች የሚሰጠውን ዕድል) ሎጋሪዝም ሁለት እጥፍ ቀንስ። ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ መለኪያ ዋጋ ይከፈልበታል ማለት ነው፤ የጫማው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን አይመልስም።

ወደ ብናኙ ስንመለስ በዚህ መሣሪያ ብዙ መጠየቅ ይቻላል። ጉዳቱ ከብናኙ ጋር እኩል ይጨምራል? ወይስ የመጀመሪያው ሚሊግራም ከኋለኛው ይበልጥ ይጎዳል? ግን ተወዳዳሪዎቹ ሞዴሎች የሚያስረዱት ያንኑ ውጤት፣ በእነዚያው ሠራተኞች ላይ መሆን አለበት። የሊትሩን ሞዴል ከአዎና አይ ሞዴል ጋር በዚህ ቁጥር ማፎካከር ትርጉም የለውም። ሲጋራ ማጨሱ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ከአንደኛው ሞዴል ቢወጣና በሌላው ቢቀር፣ ውድድሩ ያኔውኑ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ከየትኛውም ቁጥር ያመልጣል። ሳንባው ክፉኛ የተጎዳ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይለቃል። እንዲህ ያለ ጥናት የሚለካው በዚያ ሰሞን ፈረቃ የገባውን ነውና፣ ረጅም ዘመን የሠሩት ከጠበቅነው በላይ ጤነኛ ሊመስሉ ይችላሉ። ዘመነ አገልግሎት አይጎዳም የሚል ሞዴል በጥሩ ሁኔታ ይገጥም ይሆናል፤ የገጠመው ግን ለቀሩት ነው።