ጤና መኮንን፦ ለጤና ጣቢያ የተቀረጸ ባለሙያ

ወደ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ ያወጣ ሕመምተኛ በተመላላሽ ክፍሉ የሚጠብቀው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ በሕክምና ዶክትሬት የተመረቀ ሐኪም አይደለም። ሕመሙን ጠይቆ፣ ሆዱን ዳብሶ፣ ደሙን ወደ ላቦራቶሪ ልኮ መድኃኒት የሚያዝለት ጤና መኮንን ነው፤ እርሱም ባይኖር ነርስ። ይኸው ሰው ከሰዓት በኋላ በቀበሌዎቹ የክትባት ሽፋን ለምን እንደወረደ ሲመረምር፣ የመድኃኒት ክምችት ሲቆጣጠር ወይም ከወረዳው ጋር ስለ በጀት ሲነታረክ ሊውል ይችላል፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ብዙ ጊዜ እርሱው ነውና። ስለዚህ ሙያ ሲወራ ቀድሞ የሚሰነዘረው አስተያየት ግን ሐኪም ሲጠፋ የሚተካ ጎዶሎ ሐኪም ነው የሚል ነው፤ አራት ዓመት ተምሮ የስድስትና የሰባት ዓመቱን ሥራ የሚሞክር። ይህ አነጋገር ነጠላን ግማሽ ጋቢ ነው እንደማለት ይመስለኛል። የጤና መኮንን ሥልጠና ከሐኪም ትምህርት ላይ ዓመት በመቀነስ አልተሠራም፤ አንድ የታወቀ የሥራ ቦታ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ሲሠምርም ሲከሽፍም የሚለካው ለዚያ ቦታ ባለው ቅርበት ነው።

አጀማመሩ ይህን ያሳያል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ከመቋቋሙ 10 ዓመት ቀድሞ ነው። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ፖይንት ፎር ከተባለው የአሜሪካ የእርዳታ ፕሮግራም ጋር ሆኖ ኮሌጁን ሲያቋቁም በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም የውጭ አገር ዜጎች ሲሆኑ ከትልልቅ ከተሞች አይርቁም ነበር። ከኮሌጁ መከፈት ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የተነሳው ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። ኮሌጁ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት ደግሞ፣ በ1958፣ ወባ ከቆላ ተነሥቶ ከፍ ወዳለው አገር ወጣና 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። እንዲህ ያለውን መቅሠፍት በሆስፒታል አልጋ መመከት አይቻልም፤ ረግረጉን የሚያደርቅ፣ ቤት ለቤት የሚዞር፣ የታመመውንም የሚያክም የተቀናጀ ኃይል ይፈልጋል። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን፣ ማለትም ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ግቢ ያሠለጠነው ለዚህ ነው። ሦስቱ ተመርቀው በአንድ ጤና ጣቢያ ሊመደቡ ስለሆነ አብረው እንዲማሩ ተደረገ። የሙያው ጥበብ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ዛሬም የሥልጠናው አካሄድ ይህን መልክ አልለቀቀም። የመጀመሪያ ዲግሪው አራት ዓመት ይወስዳል። ተማሪው በአናቶሚና በፊዚዮሎጂ ጀምሮ ወደ ማይክሮባዮሎጂ፣ ወደ ፓቶሎጂና ወደ ፋርማኮሎጂ ያልፋል፤ ከዚያ በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምናና በማህፀንና ጽንስ ክፍሎች ተራ በተራ እየተመደበ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ይማራል። እስከዚህ ድረስ የሕክምና ተማሪ መንገድ ይመስላል። የሚለየው ጎን ለጎን በሚጓዘው በሌላው ክፍል ነው፦ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ባዮስታቲስቲክስ፣ የአካባቢ ጤና፣ ሥነ ምግብ፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር። አንድ ሕፃን በተቅማጥ ታሞ ሲመጣ ፈሳሹን መተካት የሕክምናው ትምህርት ነው፤ ከአንድ ቀበሌ አምስት ሕፃናት በአንድ ሳምንት ሲመጡ ምንጩን ለማየት ተነሥቶ መሄድ ደግሞ የሌላው። ጎንደር የጀመረችውና በምህጻሩ ቲቲፒ እየተባለ የሚጠራው የቡድን ሥልጠና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ከየሙያው አሰባስቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። ጤና ጣቢያው ባለበት ከተማ እየኖሩ ያክማሉ፣ ያጠናሉ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ተመካክረው መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፣ ምንጭ ያስጠርጋሉ። በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ይህን ሐሳብ ይበልጥ አስፍቶ ትምህርቱን ከመነሻው ከማኅበረሰቡ ጋር አያይዞታል።

ከሚማራቸው ነገሮች ሁሉ የሚከብደው ግን በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ ራሱን የቻለ ርዕስ የለውም፤ የራስን ወሰን ማወቅ ነው። በአገሪቱ ደንብ መሠረት የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል፣ አምስት ጤና ኬላዎችንም እንዲደግፍ ታስቧል። ስፔሻሊስት ቀርቶ ኤክስሬይ ላይኖር ይችላል። ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ሪፈር የሚጽፍ ጤና መኮንን ቤተሰቡን ለትራንስፖርትና ለአልጋ ላልተገባ ወጪ ይዳርጋል፤ ማንንም ሪፈር የማይል ደግሞ አንጀቱ የታጠፈውን ልጅ ነገ ይሻለዋል እያለ ይገድለዋል። ይህን ሚዛን በመጽሐፍ ማስጨበጥ አይቻልም። ልምድ ካለው ሰው አጠገብ ቆሞ፣ ብዙ ሕመምተኛ አይቶ፣ የወሰኑት ውሳኔ ምን እንዳስከተለ ተከታትሎ የሚገኝ ነው።

የሥልጠናው ታሪክ ሁለት ጊዜ የተፈተነውም ከዚህ አንጻር ነው። በ1970ዎቹ መገባደጃ ጎንደር ሐኪም ማስተማር ስትጀምር የጤና መኮንን ሥልጠና ቆመ። የተመላላሽ ክፍሎች ሸክም በነርሶችና በጤና ረዳቶች ላይ ወደቀ፤ አዲስ የተመረቁት ሐኪሞችም በወቅቱ ለጤና ጣቢያ የሚተርፉ አልነበሩም። በ1990ዎቹ ሥልጠናው እንደገና ተከፈተ። በ2005 ደግሞ በተፋጠነ ፕሮግራም 5,000 ጤና መኮንኖችን ለማፍራት ታቀደና ዩኒቨርሲቲዎች ከሆስፒታሎች ጋር ተጣምረው ሥራውን ያዙት። ዕቅዱ ትክክል ነበር፤ ጤና ጣቢያዎች በየወረዳው እየተሠሩ ነበርና ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆመው ተማሪ በበዛ ቁጥር እጁ ሕመምተኛውን የሚነካው እያነሰ ይሄዳል። ፍጥነትን የሚተቹ ሰዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸው፤ ችግሩ ግን የዓመቱ ቁጥር ሳይሆን የአሠልጣኙና የአልጋው ቁጥር ነው። ሰባት ዓመት የተማረ ሐኪምም በዚያው ግፊያ ውስጥ ካለፈ ከዚሁ ጉድለት አያመልጥም።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ ለድሃው ዝቅተኛ ባለሙያ መድቦ ይህን መፍትሔ ማለት ፍትሕ ነው ወይ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፣ በስሜትም አይመለስም። ከቀላሉ የተመላላሽ ሥራ ይልቅ ከባዱን፣ በቀዶ ሕክምና ማዋለድን፣ መለኪያ እናድርግ። ሞዛምቢክ ከ1984 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ታሠለጥናለች። በ1996 የታተመ የማፑቶ ጥናት እነርሱ የሠሩትን 958 እና ስፔሻሊስቶች የሠሩትን 1,113 ቀዶ ሕክምና ሲያነጻጽር በውጤቱ የጎላ ልዩነት አላገኘም። በ2011 የወጣና ከ16,000 በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን የሰበሰበ ግምገማ ደግሞ በእናቶችም ሆነ በአራስ ሕፃናት ሞት በሐኪሞችና ሐኪም ባልሆኑት መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል። የቁስል ማመርቀዝና መከፈት ግን ሐኪም ያልሆኑት በሠሩት ላይ በዝቶ ተገኝቷል። ይህን ሁለተኛውን ግኝት መደበቅ ሙያውን አይጠቅምም፤ የቀዶ ክፍል ንጽሕና፣ የስፌት ጥራትና ክትትል የት ላይ መጠበቅ እንዳለበት የሚነግረን እርሱ ነውና። ኢትዮጵያም በ2009 ለጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማህፀንና ጽንስ የሦስት ዓመት የማስተርስ ሥልጠና የከፈተችው በዚሁ መንገድ ነው። ምጧ የታሰረ ሴት ፊት የሚቀርበው ምርጫ በጤና መኮንንና በስፔሻሊስት መካከል ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ምርጫው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በሚገኘው በዚህ ባለሙያና በሰዓታት የመኪና መንገድ መካከል ነው።

ሌላው ተቃውሞ ሰው እስከሆነ ድረስ እርሱም ወደ ከተማ መፍለሱ አይቀርም ይላል። እዚህም ላይ ከሞዛምቢክ የምንማረው አለ። ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ከተመደቡ ሐኪሞች ከሰባት ዓመት በኋላ አንድም የቀረ አልተገኘም፤ በነዚያው ዓመታት ከተመረቁት ሐኪም ካልሆኑት የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ግን 88 በመቶው እዚያው ነበሩ። ከተማ ለሐኪም ስፔሻላይዜሽንና የግል ክሊኒክ ታቀርባለች፤ ለወረዳ ሥራ የሠለጠነው ሰው ግን ሙያው የሚከበረውና እጁ የሚፈለገው እዚያው ወረዳ ነው። ይህ ውጤት በእኛም አገር በራሱ ይደገማል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከ2012 ጀምሮ በሳይንስና በጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች በአራት ዓመት ሐኪም የሚሆኑበት አዲስ መንገድ ሲከፈት ጤና መኮንኖችም ወደዚያ ገብተዋል። ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። በአንድ ሙያ ውስጥ ከፍ የሚባልበት ደረጃ ከጠፋ፣ ከፍ ማለት የሚቻለው ሙያውን በመተው ብቻ ይሆናል።

ዛሬ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ሐኪሞች እያሉ ጤና መኮንን ማሠልጠን ለምን ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። ሐኪም መብዛቱ መልካም ነው፤ ሥራ አጥቶ መቀመጡ ግን የበጀትና የቅጥር ጉዳይ እንጂ የጤና ጣቢያው ሥራ ማለቁን አያመለክትም። ሐኪሙ ወደ ጤና ጣቢያ ከሄደም ክትባቱን፣ የወረርሽኝ ቅኝቱን፣ የጤና ኬላዎቹን ድጋፍ ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ እነዚህን ሊሠራ የሠለጠነ ሰው አለና። ስለዚህ የሥልጠና ቦታዎች ቁጥር መወሰን ያለበት ስንት ጤና ጣቢያ ክፍት የሥራ መደብ አለው፣ ስንት የማስተማሪያ አልጋና ስንት አሠልጣኝ አለ በሚሉት ስሌቶች ይመስለኛል። የሙያው ደረጃም ከመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ቀዶ ሕክምና ማስተርስ ብቻ ከሚያመራ፣ በጤና ጣቢያው ውስጥ ለዓመታት ለቆየና ታናናሾቹን ለሚያሠለጥን ጤና መኮንን በደመወዝም በማዕረግም የሚታይ እርከን ቢኖረው፣ ቲቲፒ የሚወጣው ተማሪ መንደሩን ብቻ ሳይሆን ሊሆን የሚመኘውን ሰውም እዚያው ያገኝ ነበር።