የቴሌግራም ኮድ ለሰው ከሰጣችሁ ፍጠኑ

«በስህተት ኮድ ልኬልሻለሁ፣ እባክሽ ቁጥሩን ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከቅርብ ጓደኛ ቢመጣ እንኳ አትስጡ። የጓደኛችሁ አካውንት ቀድሞ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል፤ ኮዱ ደግሞ የእናንተው አካውንት መግቢያ ነው።

ሰጥታችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ለ24 ሰዓት እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ይህ ጊዜ የእናንተ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱና የማታውቁትን ስልክ ወይም ኮምፒውተር አስወጡ። ወዲያው «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን አብሩና የይለፍ ቃል አውጡ። እዚያ ኢሜይል ሲጠይቃችሁ አትዝለሉት፤ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋችሁ መመለሻችሁ እሱ ነው።

በስማችሁ ብር የተጠየቁ ወዳጆች ሊኖሩ ስለሚችሉ ደውሉላቸው፤ በጽሑፍ ብቻ ካስጠነቀቃችሁ የጻፈው ማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? የእናትና የአባታችሁንም ስልክ ተቀበሉና ዛሬውኑ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን አብሩላቸው።