እንቁላል ጫጩት የሚሆነው እንዴት ነው?

ላባዋን ነፍታ ከጎጆዋ አልነሳም ያለች ዶሮ ሥራ የፈታች ትመስላለች። እንቁላሉ የቀረበት ባለቤት ውሃ ውስጥ ይነክራታል፤ ወይም ጎረቤት ቤት ወስዶ ያቆያታል። እሷ ግን 21 ቀን የሚፈጅ ሥራ ልትጀምር ነው፤ ሥራውን ያወቀ ሰው ደግሞ መቼ ሊያግዛት፣ መቼ ሊተዋት እንደሚገባ ያውቃል።

ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ ሲበዛ እንቁላል መጣሏን ታቆማለች። የደረቷና የሆዷ ላባ ይሳሳል፤ የተገለጠው ቆዳ የደም ሥር ይበዛበታል። የገላዋ ሙቀት በቀጥታ ወደ እንቁላሉ የሚያልፈው በዚህ ቆዳ ነው። ጽንሱ ለማደግ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል።

ታዲያ ሙቀት ብቻውን አይበቃም። ዶሮዋ በቀን ደጋግማ እንቁላሎቹን በመንቁሯ ትገለብጣለች፤ አለበለዚያ ጽንሱ ከውስጠኛው ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይሞታል። ዳር ያለውንም ወደ መሀል እየሳበች ሙቀቱን ታዳርሳለች። ለሀበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል የሚበቃትም ለዚህ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዳር የቀረው ይበርዳል።

ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት። አየር በእነሱ ይገባል፤ እርጥበትም በእነሱ ይወጣል። እርጥበቱ በቀነሰ መጠን በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ያለው የአየር ኪስ ይሰፋል። የሚታቀፍ እንቁላል አይታጠብም፤ መታጠቡ ጀርም የሚከላከለውን የላይኛውን ስስ ልባስ ያስለቅቀዋል።

የባለቤቱ ድርሻ የሚጀምረው እንቁላሉን ሲመርጥ ነው። አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ከተጣለ ከሳምንት ያልበለጠና ከምድጃ ርቆ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የተቀመጠ ይሁን። ጫጩቶቹ እኩል እንዲወጡ ሁሉንም በአንድ ቀን ያሳቅፏት። በ7ኛው ቀን ገደማ በጨለማ ክፍል ውስጥ እንቁላሉን በባትሪ ሲያዩት ጽንስ ያለው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮች ይታዩበታል፤ ጥርት ብሎ የሚታየውን ያውጡት። ጥሬና ውሃ አጠገቧ አይጥፋ። በቀን አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ተነስታ ብትበላ እንቁላሉ አይጎዳም።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ጫጩቱ የአየር ኪሱን በስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳንባው ይተነፍሳል። ቀጥሎ መንቁሩ ጫፍ ላይ ባለችው ጠንካራ እብጠት ቅርፊቱን ይሰነጥቃል። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል፤ አንዳንዱም እስከ አንድ ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ በሽፋኑ ላይ የቀረው ደም ወደ ገላው ይመለሳል፤ ትርፉ አስኳልም ወደ ሆዱ ይገባል። ደክሞታል ብሎ ቅርፊቱን የሚልጥለት ሰው ያደማዋል፤ ብዙ ጊዜም ይገድለዋል።

ያ አስኳል ጫጩቱን ለሁለት ቀን ያህል ያለ ምግብ ያቆየዋል። ቀድመው የተፈለፈሉት ወንድሞቻቸውን ከእናታቸው ክንፍ ሥር ሆነው የሚጠብቁት በዚህ ስንቅ ነው። ስለዚህ በ20ኛውና በ21ኛው ቀን ዶሮዋን አያንሷት፤ ጎጆዋንም አይነካኩ። የደረቀውን ቅርፊት የሚያነሱት፣ ጫጩቶቹንም ውሃና የተፈጨ እህል የሚያቀርቡላቸው ራሷ ይዛቸው ስትወጣ ነው።