መገጣጠሚያው ተተክቶ ነርቩ ሲያም

እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ራይቲንግተን በተባለው ሆስፒታል ከብረት የተሠራ ትንሽ የጭን አጥንት ራስ ጠንካራ ፕላስቲክ በሆነ ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ እንዲሽከረከር አድርጎ በአጥንት ሲሚንቶ ካጣበቀ ወዲህ፣ ያለቀ ወይም የተጎዳ የዳሌ መገጣጠሚያን በሰው ሠራሽ የመተካት ቀዶ ሕክምና በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሚያገኙት አገልግሎት ሆኗል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ የክፍለ ዘመኑ ቀዶ ሕክምና ሲል ሰይሞታል፤ ስያሜውም የተጋነነ አይደለም፤ ለዓመታት በከዘራ ሲያነክሱ የኖሩ ብዙ ሰዎች በወራት ውስጥ ቀጥ ብለው መሄድ ችለዋልና። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንዳሳየው፣ በጥራታቸው በተሻሉት ጥናቶች መሠረት ዳሌያቸው ከተተካላቸው 100 ሰዎች መካከል 9 ያህሉ ወራት ካለፉ በኋላም የሚያስጨንቅ ሕመም አላቸው። የዚህ ሕመም አንዱ ክፍል፣ ምናልባትም በቤተሰብም በሐኪምም ዘንድ በቀላሉ የሚታለፈው ክፍል፣ ከአጥንቱም ከብረቱም ሳይሆን ከነርቭ የሚነሣ ነው።

የነርቭ ሕመም ሲባል፣ የስሜትን መልእክት ከአካል ወደ አንጎል የሚያደርሰው መሥመር ራሱ ተጎድቶ፣ የሚያሳምም ነገር በሌለበት የሕመም መልእክት ሲልክ ማለት ነው። ይህን ከመገጣጠሚያ ሕመም ለመለየት ጠባዩን ማስተዋል ያሻል። የመገጣጠሚያ ሕመም ሲራመዱ ወይም ደረጃ ሲወጡ በርትቶ ሲያርፉ ይቀላል፤ የነርቭ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ሰው አርፎ በተኛበት፣ በተለይም ሌሊት ይብሳል። ሕመምተኛው ያቃጥለኛል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፣ መርፌ ይወጋኛል፣ ይደነዝዘኛል፣ ይወርረኛል ይላል፤ አንዳንዱም በረዶ የተቀመጠበት ያህል ቀዝቅዞ እንደሚያመው ይናገራል። እነዚህ አነጋገሮች እንደ ማማረር ሊቆጠሩ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ፈረንሳውያን ሐኪሞች ያዘጋጁት ዲ.ኤን.4 የተባለ መጠይቅ የተገነባው በአመዛኙ በእነዚሁ ቃላት ላይ ነው። መጠይቁ ከታማሚው አንደበት 7፣ ቆዳውን በመንካትና በመዳሰስ ደግሞ 3፣ በድምሩ 10 ምልክቶችን ይፈትሻል፤ 4ቱ ወይም ከዚያ በላይ ከተገኙ ሕመሙ ከነርቭ የመነጨ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድና ምንም ወጪ የሌለው መመዘኛ ነውና በማንኛውም ክሊኒክ ሊሠራበት የሚገባ ነው።

ነርቭ እንዴት እንደሚጎዳ ለመረዳት በዳሌ ዙሪያ ምን እንደሚያልፍ ማወቅ ይረዳል። ከታችኛው የአከርካሪ ክፍል ተነሥቶ ከመቀመጫ ጡንቻ ሥር፣ ልክ ከመገጣጠሚያው ጀርባ አልፎ እስከ እግር ጣት የሚወርደው ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ የሰውነት ትልቁ ነርቭ ሲሆን፣ ወደ 2 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። በውስጡ ካሉት ሁለት ክፍሎች ውጪኛው፣ ማለትም እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ የሚያነሡትን ጡንቻዎች የሚያዘው፣ ከላይ በዳሌ አጥንት ቀዳዳ ከታች ደግሞ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ባለው ቀጭን አጥንት አንገት ላይ የተያዘ በመሆኑ ሲወጠር የሚላወስበት ትርፍ የለውም፤ በዚህም ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እርሱ ነው። ጡንቻን ከፍቶ ለመያዝ የሚያገለግለው መሣሪያ ሲጫነው፣ አጥሮ የነበረ እግር በአንድ ጊዜ ሲረዝም፣ ወይም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደም ቋጥሮ ሲያፍነው ነርቩ ሊጎዳ ይችላል፤ በብዙ ታማሚዎች ላይ ግን ትክክለኛው መንሥኤ ተለይቶ አይታወቅም። መገጣጠሚያው የሚተካው በፊት ለፊት በኩል ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ፣ እንቅስቃሴ የማያዘው ነገር ግን ለጭን ውጪኛ ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ቀጭን ነርቭ ይነካና የሱሪ ኪስ ከሚያርፍበት አካባቢ ጀምሮ መደንዘዝና ማቃጠል ይከተላል። በመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ላይ እግርን የሚያደክም የነርቭ ጉዳት የሚደርሰው ከ100 ሰዎች በ1 ያህሉ ላይ ሲሆን፣ የተተካው መገጣጠሚያ ዳግመኛ በሚቀየርበት ወይም ዳሌው ከልደት ጀምሮ ከቦታው የወጣ በሆነበት ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ታማሚው በአግባቡ ሊነገረው የሚገባው ነገርም በአብዛኛው ይህ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴደን እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው ምደባ መሠረት የነርቭ ጉዳት ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ነርቩ ሳይቆረጥ ሥራውን ብቻ ያቋርጣል፤ እንዲህ ያለው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይመለሳል። በሁለተኛው የነርቩ ውስጣዊ ክሮች ተበጥሰው ውጫዊ ሽፋኑ ይተርፋል፤ በሦስተኛው ደግሞ ሁሉም ይቆረጣል። በሁለተኛው ደረጃ ክሮቹ በተረፈው ሽፋን ውስጥ እንደገና ያድጋሉ፤ ነገር ግን እድገቱ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዳሌ ተነሥቶ ከጉልበት በታች ወዳሉት ጡንቻዎች ለመድረስ 50 ሴንቲሜትር ያህል መጓዝ ካለበት 500 ቀን፣ ማለትም ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ይፈጅበታል፤ ወደ እግር ጣት እስኪደርስማ ከሁለት ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። በሦስት ወር ውስጥ ለውጥ ያላየ ሰው ተስፋ ቆርጦ መድኃኒቱንም እንቅስቃሴውንም የሚተወው ይህን ስሌት የሚያስረዳው ባለማግኘቱ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዡል ቲኔል እ.ኤ.አ. በ1915 እንደገለጸው፣ በሚያድገው ነርቭ መሥመር ላይ በጣት ቀስ ብሎ ሲመታ ወደ ታች የሚሄድ መንዘር ይሰማል፤ ይህም መንዘር ከወር ወር ዝቅ እያለ የሚሄድ ከሆነ ክሮቹ እያደጉ ስለመሆናቸው ምልክት ነው። ስለዚህ አዲስ ቦታ ላይ የተጀመረ መወረርና መንዘር ሁሉ ሕመሙ እንደባሰ አያመለክትም።

ሆኖም ነርቩ እያገገመም ሕመሙ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። ለረጅም ጊዜ የሕመም መልእክት ሲጎርፍለት የቆየ ህብለ ሰረሰር ራሱ ከመጠን በላይ ንቁ ይሆንና፣ የአንሶላ መነካትን የመሰለ የዋህ ስሜት እንኳ ወደ ሕመም ይቀይረዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነርቫቸው በጥይት የተጎዳባቸውን ወታደሮች ሲያክም ይህንኑ አስተውሎ መዝግቧል፤ ደረቅ ነገር ሲነካቸው ስለማይችሉ የሚያማቸውን አካል በውኃ እያራሱ፣ አንዳንዱም በጫማው ውስጥ ውኃ እያፈሰሰ ይሄድ እንደነበር ጽፏል። ለሰሚ እንግዳ የሚመስለው ስቃይ የታማሚው የመንፈስ ድካም ሳይሆን የነርቭ ሥርዓቱ መለወጥ መሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ሕመሙ የነርቭ ነው ከመባሉ በፊት ግን ሌሎች መንሥኤዎች መመርመር አለባቸው። የተተከለው አካል መላላት፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ኢንፌክሽን፣ በብሽሽት በኩል ጅማት ከተተከለው አካል ጠርዝ ጋር መፋተጉ ተመሳሳይ ስቃይ ያመጣሉ። የወገብ አከርካሪ መጥበብም ሳያቲክ ነርቭን ከሥሩ ስለሚጫን፣ ዳሌውም ወገቡም አብረው በሚታመሙ አረጋውያን ላይ የትኛው እንደሚያም መለየት አስቸጋሪ ነው። የነርቭና የጡንቻን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚለካው ምርመራ ለዚህ ይረዳል፤ የተጎዳው ክር መበላሸቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቢሠራ ሊያሳስት ይችላል። ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶችም አሉ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት በድንገት እግርን ማንሣት አለመቻል፣ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻልና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ።

በሕክምናው በኩል የተለመደው ስሕተት ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን እየጨመሩ መውሰድ ነው፤ እነዚህ ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዱም፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች በመጀመሪያ የሚመክሯቸው አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሰቲን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የተባሉትን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለድባቴ፣ የኋለኞቹ ለሚጥል በሽታ የተፈቀዱ ስለሆኑ፣ በመድኃኒቱ ዕቃ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያነበበ ልጅ «እናቴን የአእምሮ ሕመምተኛ አደረጓት» ብሎ ሊያስጥላት ይችላል፤ ሐኪሙም ፋርማሲስቱም አስቀድመው ይህን ቢያስረዱ ብዙ ሕክምና ከመቋረጥ ይድናል። አሚትሪፕቲሊን ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ የልብ ምት መዛባት ወይም በዓይን ውስጥ ግፊት ላለበት ሰውም አይስማማም። የጋባፔንቲንና የፕሪጋባሊን መጠን በኩላሊት አቅም ይወሰናል፤ ከጠንካራ ማስታገሻ ወይም ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽን ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ በአንድ ጊዜም አይቋረጡም። የአንዱን መድኃኒት ጥቅም ለመፍረድ ተስማሚው መጠን ላይ ከተደረሰ በኋላ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ሕመሙ በግማሽ የሚቀንስለት ከ4 እስከ 8 ከሚታከሙ ሰዎች አንዱ ብቻ መሆኑን መደበቅ አይገባም፤ የመጀመሪያው ካልሠራ ሌላው ይሞከራል እንጂ ታማሚው አይወቀስም።

ከመድኃኒቱ እኩል ዋጋ ያለው በቤት ውስጥ በየቀኑ የሚሠራው ነው። ንክኪ የሚያስቆጣውን ቆዳ ለማለማመድ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት፣ በመጀመሪያ በጥጥ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ነጠላ፣ ከዚያም ሸካራነት ባለው ፎጣ በቀን ጥቂት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ማሻሸት የተለመደ ዘዴ ነው፤ ዓላማውም ንክኪ አደጋ አለመሆኑን የነርቭ ሥርዓቱ እንደገና እንዲማር ማድረግ ነው። እግሩን ወደ ላይ ማንሣት ያልቻለ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ቀላል የፕላስቲክ ድጋፍ በጫማው ውስጥ ቢያደርግ ከመውደቅ ይድናል፤ ጅማቱም በዚያው አጥሮ አይቀርም። የደነዘዘ እግር ሙቀትን አይለይምና ከከሰል ምድጃና ከሙቅ ውኃ መጠንቀቅ፣ ማታ ማታም ተረከዙንና በጣቶቹ መካከል ያለውን ቆዳ መመልከት ያስፈልጋል። ሕመሙ በቀለለ ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ሠርቶ በማግሥቱ አልጋ ላይ ከመዋል፣ ሥራውን ከፋፍሎ በየቀኑ ተመጣጣኝ እንቅስቃሴ ማድረግ ይበጃል።

በኢትዮጵያ ይህ ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ቢኖሩም ወደ ውጭ ሄደው የሚታከሙም አሉ፤ የነርቭ ሕመሙ የሚበረታው ግን ብዙ ጊዜ ታማሚው ቀዶ ሐኪሙን ተሰናብቶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመለስ ሰው መገጣጠሚያው በየትኛው በኩል ተከፍቶ እንደተተካ፣ የተተከለው አካል ዓይነትና መጠን ምን እንደሆነ የሚገልጸውን የቀዶ ሕክምና ዘገባ ይዞ መምጣት አለበት። ሕመሙ ሲቆይ ወደ ወጌሻ መሄድ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ተፈጥሯዊ ውሳኔ ነው፤ ሆኖም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያለበትን ዳሌ መጠምዘዝና መጫን ከቦታው ሊያወጣው፣ የተጎዳውንም ነርቭ ይበልጥ ሊያቆስለው ስለሚችል በፍጹም መደረግ የለበትም። በበርጩማ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ በቁጢጥ መጸዳዳትና ግንባርን መሬት አስነክቶ መስገድ ዳሌን ከመጠን በላይ ስለሚያጥፉ ቀዶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያሉ፤ በዚህ ጉዳይ ምእመኑ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከር፣ ሙስሊሙም ለሕሙማን በተፈቀደው መሠረት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሰግድ ከጸሎቱም ከጤናውም አይጎድልም።

በዚህ ሁሉ መካከል ታማሚውን የሚያደክመው አንድ ነገር፣ ለመልካም ታስቦ የሚነገረው «ተመስገን በል፣ ቆመህ ሄደሃል» የሚለው ቃል ነው። ራጁ ደህና መሆኑን ያየ ሐኪም፣ አባቱ ከዘራውን መጣሉን ያየ ልጅ፣ ሕመሙ አለ ማለትን እንደ ውለታ ቢስነት ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ታማሚው ዝም ይላል፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ያነጋል፤ እንቅልፍ ማጣቱም ሕመሙን ያብሰዋል፣ ድባቴንም ይጠራል። ሕመሙ የከፋበትን ሰዓትና የእንቅልፉን ሁኔታ በአጭሩ እየመዘገበ፣ ሕመሙንም ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እየገመተ ለሐኪሙ ቢያቀርብ ግን ንግግሩ ከስሜት ወደ ማስረጃ ይሻገራል። በዚህ መለኪያ ከ10 ውስጥ 7 የነበረው ወደ 5 ቢወርድ ሐኪሞች እንደ እውነተኛ መሻሻል ይቆጥሩታል፤ ብዙውን ጊዜም ሰው እንደገና መተኛትና ከቤት መውጣት የሚጀምረው ሕመሙ ፈጽሞ ሲጠፋ ሳይሆን እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው።

ወራት አልፈው የነርቩ ማገገም በምርመራም በእንቅስቃሴም ካልታየ ታማሚውን የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ነርቩ በጠባሳ ወይም በስፌት ክር ተይዞ ከሆነ ሊለቀቅ ይችላል፤ ይህም ዓመት ከማለፉ በፊት ቢታሰብ ይሻላል፤ ለረጅም ጊዜ ያለ ነርቭ የቆየ ጡንቻ እየመነመነ ይሄዳልና። እግሩን ማንሣት ሳይችል የቀረ ሰው የሚሠራውን የኋላ ጅማት ወደ እግሩ ፊት አዙሮ በማያያዝ እንደገና እንዲያነሣ ይደረግለታል፤ መድኃኒት ያልበገረው ሕመም ላለበት ደግሞ፣ አገልግሎቱ በሚገኝባቸው አገሮች፣ በህብለ ሰረሰር አጠገብ ተቀብሮ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚልክ መሣሪያ በመጀመሪያ ለቀናት በሙከራ ተደርጎለት ከጠቀመው በቋሚነት ይተከልለታል።