ስሙ ከአቃቂ የተወሰደው ዓሣ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለአቃቂው ትንሽ ዓሣ ስም ያወጣለት ግን በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ቡሌንጀር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ከወንዙ ስም ተነሥቶ «አካኪያነስ» አለው። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ስሙን ሻሩት። በ1852 ከሞዛምቢክ ከተገለጸው «ፓሉዲኖሰስ» አይለይም ብለው ደረቡት፤ የአቃቂው ዓሣም ከእኛ አገር እስከ ደቡባዊ አፍሪካ በየረግረጉ ከሚገኝ ተራ ዓሣ ተቆጠረ። አልፈርድባቸውም። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ በጀርባ ክንፋቸው ላይ መጋዝ የመሰለ አጥንት አላቸው፤ ዓይን ብቻውን በቀላሉ አይለያቸውም። ስሙ የተመለሰው በ2020 ነው። ገርኖት እንግልማየር፣ ገናናው ተስፋዬና ኒና ቦጉትስካያ ከአዋሽ ተፋሰስ «ያርዲየንሲስ» የተባለ አዲስ ዝርያ ሲገልጹ፣ አካኪያነስንም ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው መልሰው አቋቋሙት።

እንዲህ ላለው ሥራ ከሚያግዙት መሣሪያዎች አንዱ በ2003 በካናዳ ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ ያቀረቡት የዲኤንኤ ባርኮድ ነው። በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ካለ አንድ ዘረመል 650 ያህል ፊደላት ይነበቡና ከሌሎች ዓሦች ጋር ይነጻጸራሉ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ በአንድ ስም የሚጠሩት ዓሦች ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ። «ሊሆኑ ይችላሉ» ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ ባርኮድ ስም አያወጣም። የአቃቂው ዓሣ የራሱ ዝርያ ነው ለማለት የቡሌንጀርን የሙዚየም ናሙናዎች አውጥቶ ቅርፊት መቁጠር፣ ክንፍ መለካትና ከስምጥ ሸለቆው ብዙ ዓሣ ጋር ማስተያየት ግድ ነበር። የወንዙ ስም በመዝገቡ ላይ ባይጻፍ ኖሮ ዘረመሉ ብቻውን የትኛውን ስም እንደሚመልስ ማን ያውቃል?

ባርኮድን የሚጠራጠሩ ሰዎች ጣናን ያነሣሉ፤ ማንሣታቸውም ትክክል ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ሲሆኑ አፋቸውና የሰውነታቸው ቅርጽ ይለያያል። በ1973 ኪት ባኒስተር ሁሉንም በአንድ ስም ጠቅልሏቸው ነበር፤ በኋላ ኔዘርላንዳውያኑ ናጌልከርኬና ሲቢንግ እንደገና ለያዩዋቸው። በእናት መስመር ብቻ የሚወረሰው ማይቶኮንድሪያ ግን አይለያቸውም፤ የተለያዩት በቅርብ ዘመን ስለሆነ አንዱ የያዘውን ቅደም ተከተል ሌላውም ይዞት ይገኛል። ስለዚህ በባርኮድ ብቻ የሚመራ ሰው ዓሣ አጥማጁ በዓይኑ የሚያየውን ልዩነት ይሰርዛል። ይህ ግን መሣሪያውን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ባርኮድ «ይለያያሉ» ሲል ቃሉ ክብደት አለው፤ ዝም ሲል ግን ዝምታው «አንድ ናቸው» የሚል ማስረጃ አይደለም።

ሌላው መከራከሪያ የበለጠ ይከብዳል፦ ገበያ የማይወጣ ዓሣ፣ የከተማው ፍሳሽ በሚወርድበት ወንዝ፣ ለዚያ ደግሞ የላቦራቶሪ ወጪ! እውነት ነው፣ ከአቃቂ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ያለውን ውኃ ለሚያውቅ ሰው የዘረመል ወሬ ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ኪሳራን የምንቆጥረው በስም ነው። ዓሣው ፓሉዲኖሰስ እስከተባለ ድረስ ከዚህ ቢጠፋ ሌላ አገር ሞልቷል ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። አካኪያነስ ሲሆን ግን የሚኖርበት አካባቢ በእጅጉ ይጠባል፤ የአንድ ወንዝ መበከልም ከጠቅላላው ድርሻው ላይ የሚቀነስ ይሆናል። የፋብሪካ ፍሳሽ ፈቃድ ሲታይ በሰነዱ ላይ «የተለመዱ ትንንሽ ዓሦች» ብሎ ማለፍም እንደ ቀድሞው አይቀልም።

ወጪውንም ቢሆን ከሚገባው በላይ እንፈራዋለን። ቆጠራ የሚያደርግ ቡድን ዓሣውን ፎርማሊን ውስጥ ከመክተቱ በፊት ከክንፉ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በአልኮል ቢያስቀምጥ ይበቃል፤ ፎርማሊን ዘረመሉን ያበላሸዋል፣ አልኮል ግን ያቆየዋል። ብልቃጡ ላይ ወንዙ፣ ድልድዩና ቀኑ ይጻፍ። ንባቡ ገንዘብ እስኪገኝ ሊዘገይ ይችላል፤ ቁራጩ ግን ዓሣው በእጅ ላይ ሳለ ካልተቆረጠ በኋላ አይገኝም።