የፓን ምስጢር ኖራው ነው

ጫት ሲቃም እያየ ላደገ ሰው ሕንዶች ፓን ሲያኝኩ ምርቃናው ከቅጠሉ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ቅጠሉ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው፤ መዓዛና ለስላሳ ማቃጠል ይሰጣል፣ መጠቅለያም ይሆናል። የሚያነቃው በውስጡ የሚገባው የአሬካ ዘንባባ ፍሬ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው እንኳ ኖራውን ይረሳዋል፤ ያለ ኖራ ግን ፓን የለም።

ዴልሂ ስማር ከመኖሪያዬ ሥር አንድ ፓን ሻጭ ነበር። ቅጠሉን ከእርጥብ ቀይ ጨርቅ ያወጣና ነጩን ኖራ ይቀባዋል፤ በላዩ ከግራር ዘመድ እንጨት ተቀቅሎ የሚወጣውን ቡናማ ካታ ይደርብበታል። የተፈለጠ ፍሬ፣ ሄልና እንስላል ጨምሮ ያጥፈውና በአንድ ቅርንፉድ ይወጋዋል። ኖራውን በሚቀባበት ሰዓት ወሬ አይቀበልም። አንድ ወጣት ጨምርልኝ ቢለው፣ «ልጄ፣ ምላስህ ይላጣል» ብሎ እምቢ አለው። ልክ ነበር፤ ኖራ ሲበዛ አፍ ይልጣል።

ኖራው የሚሠራው እንዲህ ነው። ፍሬው ውስጥ አሬኮሊን የሚባል አነቃቂ አለ። ኖራው የምራቁን አሲድነት ሲሰብረው አሬኮሊኑ በጉንጭ ሥጋ አልፎ ደም ውስጥ መግባት ይቀለዋል፤ ከፊሉም አሬካይዲን ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ወዲያው ሰውነት ይሞቃል፣ ግንባር ያልበዋል፣ እንቅልፍና ረኃብ ይርቃሉ። የሌሊት ሾፌሮችና ዘበኞች የሚወዱት ለዚህ ነው። መንገድ ላይ የሚታየው ቀይ ምራቅም ደም አይደለም፤ በፍሬው ያለው ንጥረ ነገር ኖራ ሲነካው ይቀላል። ደረጃና ግድግዳ ላይ የሚተፉት ግን ያናድዱኛል፤ ዕቃ ይዞ መትፋት ምን ይከብዳል?

ፓፓዋ ኒው ጊኒ ውስጥ መጠቅለል የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ፍሬውን ያኝካሉ፣ ከዚያ የቅጠሉን ተክል ረዘም ያለ ፍሬ ዛጎልና ኮራል ተቃጥሎ በተሠራ የኖራ ዱቄት እየነከሩ ይነክሱታል። ኖራው የሚያዘው በቅል ነው፤ በትሮብሪያንድ ደሴቶች የኖራ ማውጫው ማንኪያ በጥንቃቄ ይቀረጻል፣ በትላልቅ ሙዚየሞችም ይታያል። እንግዳ ሲመጣ ፍሬ ይቀርብለታል። ቬትናም ውስጥ ደግሞ የሙሽራው ወገን ቅጠሉንና ፍሬውን ሳይዝ ልጅ ሊጠይቅ አይሄድም። ሰው ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያኝክ የሚጠይቅ፣ አብሮ መቀመጡንም ይቁጠር።

«ትምባሆ ካልገባበት አይጎዳም» የሚሉትን ግን አልሰማቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ፍሬው ብቻውን፣ ትምባሆ ባይኖርበትም፣ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል። ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ሕመም አለ፤ በርበሬ ያለበት ምግብ አፍ ማቃጠል ይጀምራል፣ ቀስ በቀስ ጉንጭ ይደድራል፣ በኋላ አፍ እንደ ልብ መከፈት ያቅተዋል። ማቃጠሉ ሲጀምር ማኘኩን ትቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው እንጂ፣ ኖራውን ቀንሼ እቀጥላለሁ ማለት አያዋጣም።